ፕሮፔለሩ የማን ነው? እምብርቱን እዩት

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ስትጓዙ ቢሾፍቱ ላይ የአየር ኃይል አውሮፕላን ሰምታችሁ ቀና ብላችሁ ታውቁ ይሆናል። ያኔ ስለ አውሮፕላን ታሪካችን ካሰባችሁ፣ «ፀሐይ»ን አትረሱም። ጥር 2016 ዓ.ም. ከጣሊያን ስትመለስ ብዙ ዜና «በኢትዮጵያ የተሠራች የመጀመሪያዋ አውሮፕላን» ብሎ እዚያው አቆመ። ውሸት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር አዲስ አበባ ላይ ሠርቷታል። ግን ሞተሯስ? ዋልተር ቬኑስ ይባላል፤ ሰባት ሲሊንደር ያለው የቼኮዝሎቫኪያ ሥራ ነው።

አሮጌ የእንጨት ፕሮፔለር ሲገኝም ያው ችኮላ አለ። አንዱ ተነስቶ «የጃንሆይ አውሮፕላን ነው!» ይላል። እስቲ ቆይ! መሃሉን፣ እምብርቱን እዩት። ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ስም፣ ተከታታይ ቁጥር፣ የፕሮፔለሩ ርዝመት፣ በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋበት ርቀትና የሞተሩ ዓይነት ተመትቶበታል። ልብ በሉ፣ የሞተሩ እንጂ የአውሮፕላኑ ስም አይደለም። አንድ ሞተር ስንትና ስንት ዓይነት አውሮፕላን ላይ ይገጠም ነበር!

ጽሑፉ ከደበዘዘ ጠርዙን ዳብሱ። ወፍራምና ክብ የሆነው ጠርዝ አየሩን ቀድሞ የሚቀዝፈው ነው፤ የሚዞርበትን አቅጣጫ ይነግራችኋል። የእንግሊዙ ጂፕሲ ሜጀር ለምሳሌ ከአብራሪው ወንበር ሲታይ ወደ ግራ ነው የሚዞረው።

በሉ እንግዲህ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ቫርኒሽ ልቀባው የሚለውን ዘመድ አስቁሙት። ባትሪ ከጎን አብሩበትና ፎቶ አንሱት፤ የደበዘዘው ቁጥር በጥላው ይወጣል።