የብሔራዊ ቴአትር ሕንፃና የሠሪዎቹ ስም

ስለ ብሔራዊ ቴአትር የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ከመድረኩ ተነሥቶ በመድረኩ ያበቃል። ቤቱ በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲመረቅ የቀረበው ተውኔት የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» እንደ ነበረ የቴአትር ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ቤቱን ማን አነፀው የሚለው ጥያቄ ግን፣ ከተነሣም፣ በአንድ ስም ይዘጋል፤ ፈረንሳዊው አርክቴክት አንሪ ሾሜት።

መልሱ ትክክል ቢሆንም ጐደሎ ነው። ሕንፃውን የጀመረው ፋሺስት ኢጣሊያ ነው። በወረራው ዘመን «ሲኒማ ማርኮኒ» ተብሎ የታቀደው ሥራ ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ድል ሲሆን በጅምር ቀረ። ስለዚህ ሾሜት የተረከበው ባዶ መሬት ሳይሆን የሌላ ሰው አሳብ ነበር። የሌላ ደራሲ የጀመረውን ተውኔት ተቀብሎ የራሱን ፍጻሜ ለመስጠት የሞከረ ጸሐፊ የዚህን ሥራ ክብደት አይስተውም። በ1957 ዓ.ም. ከዚያው አጠገብ የተመረቀውን የንግድ ባንክ ክብ ሕንፃ የተመለከተ ሰው፣ ያው አርክቴክት ከራሱ አሳብ ሲነሣ ምን ያህል ነፃ እንደሚሆን ይረዳል። በእኔ ግምት ባንኩ የተሻለው ሕንፃ ነው፤ የከበደውን ትግል ያሳለፈው ግን ቴአትር ቤቱ ነው።

የሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳም የዚሁ ሥራ አካል ሆኖ መታየት ይገባዋል። ወደ ለገሃር ሲወርዱ ባቡር ጣቢያው ፊት ያለው የነሐስ አንበሳ ዘውድ ደፍቶ፣ እውነተኛውን እንስሳ መስሎ ቆሟል። ካልካ ግን እንስሳውን አልቀዳም፤ ድንጋዩ ድንጋይነቱን ሳይሰውር አንበሳ እንዲሆን አደረገ። በ1966 ዓ.ም. አብዮት የቴአትር ቤቱ ስም ሲለወጥ ቅርጹ ከነግርማው መቆየቱ፣ ከንጉሣዊ አርማነት ያለፈ የኪነ ጥበብ ዋጋ ስላለው ይመስለኛል።

እንግዲህ ሾሜትም ካልካም ተገቢውን ስም አግኝተዋል። ድንጋይ የጠረቡት፣ ሲሚንቶ ያቦኩት፣ መወጣጫ እንጨት ያሠሩት ግንበኞች፣ አናጢዎችና የቀን ሠራተኞችስ? በምንጽፈው የቴአትር ታሪክ ውስጥ እነዚህ ወዛደሮች «ተሠራ» በሚለው ግሥ ውስጥ ተውጠው ቀርተዋል። እኔ በምኖርባት ሞጆ፣ በደረቅ ወደቡ የሚራገፈው እያንዳንዱ ኮንቴይነር የራሱ ቁጥር አለው፤ ከየት እንደ መጣና ማን እንደ ተረከበው ይመዘገባል። ለዕቃ የምንጠነቀቀውን ያህል ለሠራተኛ እጅ አልተጠነቀቅንም።

ቸልታው በሥነ ጽሑፉም ላይ ጉዳት አድርሷል። ተውኔት ጸሐፊዎቻችን የቤተ መንግሥቱን ሰው ደጋግመው ወደ መድረክ ሲያወጡ፣ መድረኩን ራሱን የገነባው ሰው ገጸ ባሕርይ ሆኖ ሲቀርብ እምብዛም አላየንም። የኪነት ማኅበራት የደመወዝ መዝገቦችን ሊያፈላልጉ፣ መምህራንም ተማሪዎቻቸውን ወደየአያቶቻቸው ልከው ሊያስጠይቁ ይገባል። ይህም ሳይውል ሳያድር ነው፤ በ1947 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ግንበኛ፣ በሕይወት ካለ፣ ዛሬ ዘጠናን ደርሷል።