ግድግዳ የሌለው ቤት

ታናሽ ወንድማችሁ አፉን በከፈተ ቁጥር በቃል ፈንታ “ቦይንግ ቦይንግ!” የሚል ድምፅ ቢያወጣ ምን ታደርጉ ነበር? “ጄራልድ ማክቦይንግ-ቦይንግ” የተባለው የካርቱን ፊልም ስለ እንዲህ ያለ ልጅ ነው። ዩ.ፒ.ኤ. የተሰኘው የአሜሪካ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1950 ሠራው። ታሪኩ የዶክተር ስዩስ፣ ዝግጅቱ የሮበርት ካነን ነው። ርዝመቱ ከሰባት ደቂቃ ብዙም አያልፍም፤ ነገር ግን ኦስካር ተሸልሟል።

ስታዩት አስቀድማችሁ ሥዕሉን አስተውሉ። በዚያ ዘመን የካርቱን መለኪያው ዲዝኒ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 በወጣው “ባምቢ” ጫካው ጥልቀት አለው፤ እንስሳቱም ሥጋና ክብደት ያላቸው ይመስላሉ። ዩ.ፒ.ኤ.ን ከመሠረቱት አንዳንዶቹ ከዲዝኒ የወጡ ሠዓሊዎች ናቸው፤ ሆኖም የዘመናዊ ሥዕልንና የፖስተርን መንገድ ተከትለው ጠፍጣፋ ቀለምና ቀጭን መስመር መረጡ። በጄራልድ ቤት ግድግዳውን ከወለሉ የሚለይ መስመር የለም። አንድ በር፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ምንጣፍ በቀለም ላይ ተቀምጠዋል፤ የቀረውን ዐይናችሁ ይሞላዋል። ቀለሙም እንደ ልጁ ስሜት ይለዋወጣል።

ይህ ባዶነት ሥራ አለው። ትምህርት ቤቱ ወደ ቤት ሲመልሰው፣ ልጆች አናጫውትህም ሲሉት፣ አባቱም ፊት ሲነሣው፣ ጄራልድ የሚደገፍበት ግድግዳ እንኳ የለውም። ሌሊት ከቤት ሲጠፋ በጨለማው ውስጥ እጅግ ትንሽ ሆኖ ይታያል። ተራኪው ዝም ቢል እንኳ ብቸኝነቱን እናየው ነበር።

ቅሬታዬ መጨረሻው ላይ ነው። አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ባለቤት ልጁን አግኝቶ ሥራ ይሰጠዋል፤ የፈረሱን ኮቴም የተኩሱንም ድምፅ ጄራልድ ብቻውን ያሰማል። ዝነኛ ይሆናል፤ ወላጆቹም ይኮሩበታል። ደስ ይላል። ግን ባለ ሬዲዮው ባያገኘውስ ኖሮ? ታሪኩ ለዚህ መልስ የለውም፤ ልጁ የተወደደው ከጠቀመ በኋላ ነው። ሥዕሉ ግን ገና ማንም ሳይፈልገው ዙሪያውን ሁሉ አራቁቶ ዐይናችንን በእርሱ ላይ አሳርፏል። እኔ እንደማየው፣ ከታሪኩ ይልቅ ሥዕሉ ልጁን ወዶታል።

በቡድናችሁ ሆናችሁ እዩትና ተወያዩበት። በመካከላችሁ ቃል የሚከብደው፣ ሁልጊዜ ጥግ ይዞ የሚቀመጥ አለ? ስጦታው እስኪታወቅ አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ አጠገቡ ተቀመጡ።