«የሺነጋ መንደር»፦ ከታሪኩ ጀርባ ያለው ጉዞ

ለትምህርት ባሕር ማዶ ስለ ተሻገረ ወጣት መተረክ ለአማርኛ ልቦለድ እንግዳ አይደለም። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» (1941 ዓ.ም.) ባለታሪኩን ፈረንሳይ አገር አስተምሮ ይመልሰዋል፤ የጭብጡም እምብርት ይኸው ወጣት ዕውቀቱን በአገሩ ላይ ለማዋል ሲነሣ የሚገጥመው ፈተና ነው። በሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «የሺነጋ መንደር» ውስጥ ግን ጉዞው ያለው ከታሪኩ ጀርባ ነው። መቼቱ የቸሃ መንደር፣ ባለታሪኩም እዚያው የሚያድግ ልጅ ነው። ባሕር ማዶ ያለው ደራሲው ነው።

ሣህለ ሥላሴ የጉራጌ ተወላጅ ነው። እምድብር በሚገኘው የካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ጀምሮ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አልፎ፣ ፈረንሳይ ሕግ ካጠና በኋላ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስ ተምሯል። ልቦለዱን የጻፈው በቸሃ ነው። ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት በ1964 እ.ኤ.አ. በዚያው ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ።

አማርኛ፣ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ የሚያውቅ ተማሪ ለምን በቸሃ ጻፈ? ናፍቆት ነው የሚል ይኖራል። ይህ መልስ ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ያደርሳል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቸሃ የሚያነብ ማን ነበረ? የጉራጌን ቋንቋዎች ለብዙ ዘመን ያጠናው ሌስላው ነው። እንግዲህ ተማሪው በእናቱ ቋንቋ ሲጽፍ ከፊቱ የተቀመጠው አንባቢ የሌላ አገር ሊቅ ነበር። ይህም በትረካው ላይ ምልክቱን ትቷል። ተራኪው ስለ መንደሩ ልማድ በዝርዝር ያስረዳል፤ እምድብር ላለ አንባቢ እነዚህ ማብራሪያዎች ትርፍ ናቸው። እያንዳንዱ ትዕይንት በራሱ ያማረ ሲሆን ሴራው ግን ይላላል። የእንግሊዝኛው ንዑስ ርእስም መጽሐፉን «የኢትዮጵያ ሕይወት ትዕይንቶች» ይለዋል፤ አንድ የቸሃ ቀዬ ለአገር ሁሉ ቆመ ማለት ነው። (አሳታሚ ገበያውን ያውቃል!)

ደራሲው ራሱ በእንግሊዝኛ የጻፈው «አፈርሳታ» (1969 እ.ኤ.አ.) ይህን ችግር በብልሃት ይፈታዋል። ጎጆ ይቃጠላል፤ መንደርተኛው አጥፊውን ለማውጣት ለአውጫጭኝ ይሰበሰባል። እዚህ ልማዱ ራሱ ሴራ ስለ ሆነ ገለጻው ታሪኩን አያቆመውም። በእኔ አስተያየት ሁለተኛው ልቦለድ በአወቃቀር ይበልጣል፤ የመጀመሪያው ግን ከቋንቋ አንጻር የበለጠ ደፋር ነው።

ድፍረቱን ለመመዘን ግን አንድ እንቅፋት አለ። በእንግሊዝኛው ብቻ ተመርኩዞ ስለ ዘይቤው የሚፈርድ ሐያሲ የሌስላውን ዐረፍተ ነገር ለሣህለ ሥላሴ ሊሰጥ ይችላል። የቃለ ምልልሱ ቃና፣ የሽማግሌ ንግግር ለዛ፣ ከአማርኛ የተዋሰውና ያልተዋሰው ቃል በትርጉም አይታይም። የአማርኛ ትምህርት ክፍላችንም «ቋንቋው አማርኛ አይደለም» ብሎ ሥራውን ቢያልፈው በኋላ በአማርኛ «ወጣት ይፍረደው»ን የጻፈውን ደራሲ መነሻ ይስታል። ቸሃ አፉን የፈታበት ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ ሲመርጥ ከቸሃው ጽሑፍ ጥቂት ገጾችን ከእንግሊዝኛው ጎን አስቀምጦ ቢያነጻጽር፣ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው የትኛው ማብራሪያ የደራሲው፣ የትኛው የተርጓሚው እንደ ሆነ ነው።