ከፈዩ ሥር ያለው ጽሑፍ

ከሳራዬቮ የተመለሰ ወዳጄ አንድ የመድፍ ቀልሃ ገዝቶ መጥቶ ሳሎኑ ውስጥ አበባ ሰክቶበታል። ገላው ላይ ሴቢል የሚባለው የባሽቻርሺያ አደባባይ ፏፏቴ ተቀርጿል፤ ዙሪያው ሐረግ ነው። «ሲያምር!» አልኩ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን አድናቆቴ ቆጠቆጠኝ።

ሙያውን አልነቅፍም። ካዛንጂሉክ በሚባለው የአንጥረኞች መንገድ መዳብ መቀጥቀጥ ከጥንት የኖረ ነው። ከተማይቱ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1996 ተከባ ስትደበደብ ከኖረች በኋላ እነዚያው እጆች ቀልሃ ማስጌጥ ያዙ። ዳቦ ነውና ምን ይባላል? ነገሩም አዲስ አይደለም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቤልጂጓ የኢፕር ከተማ ሰዎች፣ የልጆቻቸውን መቃብር ሊጎበኙ ለሚመጡ እናቶች የከተማይቱ ስም የተቀረጸበት ቀልሃ ይሸጡ ነበር።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። ለመሆኑ ቀልሃ የማን ምስክር ነው? መድፍ ሲተኮስ አረሩ ሄዶ ሰው ላይ ይፈነዳል፤ ቀልሃው የሚወድቀው ከተኳሹ እግር ሥር ነው። ቱሪስቱ «የተደበደበችው ከተማ ማስታወሻ» ብሎ በሻንጣው የሚሸከመው እንግዲህ የተኳሽን ትራፊ ነው። በየካቲት 5 ቀን 1994 እ.ኤ.አ. ማርካሌ ገበያ ላይ ወድቆ 68 ሰዎች የገደለው ደግሞ ሞርታር ነበር፤ ሞርታር እንዲህ ያለ ቀልሃ ከነጭራሹ አይተውም። የዚያ ቀን ማስታወሻ ሆኖ ሊሸጥ የሚችል ናስ የለም ማለት ነው።

እዚያው ከተማ ውስጥ ሌላ ሥራ አለ። ሞርታር ወድቆ ሰው የገደለበት አስፋልት ላይ የቀረውን ጠባሳ በቀይ ሙጫ ሞልተውታል፤ «የሳራዬቮ ጽጌረዳ» ይሉታል። ፊርማ የለው፣ ዋጋ የለው። ሰው ሲረግጠው እየደበዘዘ ይሄዳል፤ አንዳንዱም መንገዱ ሲታደስ ጠፍቷል። ለእኔ ከወዳጄ የአበባ ማስቀመጫ ይልቅ ኪነ ጥበብ እሱ ነው፤ ጉዳቱ ከደረሰበት ቦታ አልተነቀለማ!

አንጥረኛው ሐረጉን ከሚያበዛ ይልቅ ቀልሃው የቀልሃነቱን እንዲናገር ቢተወው ምን ነበረበት? በአብዛኛው የመድፍ ቀልሃ መቀመጫ ላይ ፋብሪካው የሚመታው ምልክት አለ፤ ብዙ ጊዜም ዓመተ ምርቱ ጭምር። በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩና አበባውን አውጥቼ ገለበጥኩት። አረንጓዴ ከፈይ ተለጥፎበታል።

«ልላጠው?» አልኩት ወዳጄን።

«ተው እንጂ፣» አለኝ፤ «ጠረጴዛው ይቧጨራል።»