ሙቅ ውሃ ውስጥ የገባው ማን ነው?

ዜና ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የምንመልስ ሰዎች «ኢን ሆት ዋተር» የሚለውን አነጋገር ሳናገኝ የምናልፈው ሳምንት የለም። ሚኒስትሩ፣ ኩባንያው፣ የእግር ኳስ አሠልጣኙ ተራ በተራ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይገባሉ። ጀማሪ ተርጓሚ «ችግር ላይ ወደቀ» ብሎ ያልፈዋል። ስሕተት ነው አይባልም፤ ዋናው ነገር ግን ቀርቷል።

አነጋገሩ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ይገኛል። የሚነገረውም ሰው በሠራው ወይም ሠራ በተባለው ነገር ሰበብ የሚቆጣው፣ የሚጠይቀው ወይም የሚቀጣው ሲነሣበት ነው። ጎርፍ ቤቱን የወሰደበት ገበሬ ወይም ልጁ የታመመችበት አባት ሙቅ ውሃ ውስጥ ገባ አይባልም። የጋዜጣ ርእስና የጨዋታ ቋንቋ ስለሆነ ለሐዘን አይመጥንም።

ቁልፉ ያለው ተከትለውት በሚመጡ ሁለት ትንንሽ ቃላት ላይ ነው፦ «ዊዝ» የተቆጣውን፣ «ኦቨር» ሰበቡን ይጠቁማሉ። አንድ ሠራተኛ «ዊዝ» አለቃው፣ «ኦቨር» የዘገየ ሪፖርት ሙቅ ውሃ ውስጥ ገባ ከተባለ፣ «ሪፖርቱን በማዘግየቱ ከአለቃው ጋር ጣጣ ውስጥ ገባ» ብዬ እጽፋለሁ። የወዳጆች ወሬ ከሆነ «ጉድ ፈላበት» ይበቃዋል።

«አጣብቂኝ ውስጥ ገባ» ግን እዚህ አይሠራም። አጣብቂኝ ሁለት ክፉ ምርጫ ለያዘው ሰው ነው፤ ለዚያ እንግሊዝኛው «ቢትዊን ኤ ሮክ ኤንድ ኤ ሃርድ ፕሌስ» ይላል። ይኸኛው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 ሲመዘገብ በአሪዞና ስለከሰረ ሰው የሚነገር ነበር። «ኢን ዲፕ ዋተር» ደግሞ ከዐቅሙ በላይ የሆነ ነገር ውስጥ የገባን ሰው ይመለከታል። ሦስቱንም «ችግር» ብሎ መመለስ አንባቢን መበደል ነው።

ከሁሉ የምጠነቀቀው ለሰው ስም ነው። እንግሊዝኛው ተወቀሰ፣ ተጠየቀ ይላል፤ ጥፋቱ ተረጋገጠ አይልም። «የሥራው መዘዝ መጣበት» ብዬ ብጽፍ ፍርድ ቤት ያልሰጠውን ፍርድ ሰጠሁ ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩ ገና ካልተጣራ አነጋገሩን ትቼ «ወቀሳ ገጥሞታል» ወይም «ጥያቄ ተነሥቶበታል» እላለሁ። ለዛው ይቀንሳል፤ የሰው ስም ግን ከለዛ ይበልጣል።

ሙያውን የምትጀምሩ ወገኖች፣ ይህን አነጋገር ከመመለሳችሁ በፊት ማን እንደተቆጣና በምን እንደተቆጣ ከዜናው ውስጥ ፈልጉ። ሁለቱን ሳታውቁ ርእስ አትጻፉ።