«አርሙልን» ስንል ምን ማለታችን ነው?

አንድ ጓደኛችን አጭር ልብ ወለዱን ይዞ ገንዘብ እየተቀበለ ጽሑፍ ወደሚያርም ሰው ሄደ። «አርምልኝ» አለው፤ በቃ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጽሑፉ ተመልሶ መጣ። ስሕተት የሚባል አይገኝበትም። ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ ያሉት የጎጃም ባላገር እማማ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ሆነው ቁጭ ብለዋል። ሲራገሙ እንኳ ባለቤትና ማሰሪያ አንቀጹ የተሟላ ዓረፍተ ነገር ነው የሚራገሙት! ታሪኩን መሐል ላይ የሚጎትተው ያ ረጅም የአውቶቡስ ጉዞ ግን እንዳለ ነው፤ አንድ መስመር አልጎደለበትም።

ጓደኛችን ተናደደ፤ እኛም አብረን ተናደድን። ሁለቱን ቅጂ ጎን ለጎን አድርገን ስናነብ ግን ጥፋቱ የአራሚው ብቻ እንዳልሆነ ገባን። «አርምልኝ» የሚለው ቃል የማይገናኙ ሥራዎችን በአንድ ጆንያ የሚከት ነው። የታሪኩን አጥንት የሚያይ አርታኢ አለ፤ ይህ ክፍል ይውጣ፣ ያኛው ወደ ፊት ይምጣ የሚል። የዓረፍተ ነገሩን ዜማና የቃሉን ምርጫ የሚያይም አለ። ሰዋስውና ነጥብ የሚያስተካክል አለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ማተሚያ ቤት የለቀመውን ፕሩፍ ከዋናው ጋር እያስተያየ ግድፈት የሚለቅም አለ። ጓደኛችን የፈለገው የመጀመሪያውን ነበር፤ የከፈለው ለሦስተኛው ነው፤ ያልጠየቀውን ሁለተኛውን ደግሞ ምራቂ አገኘ።

አጥንት የሚያይ አርታኢ ምን እንደሚሠራ ማየት የሚፈልግ የኤልየትን «ዘ ዌስት ላንድ» ረቂቅ ይመልከት። ኤዝራ ፓውንድ እ.ኤ.አ. በ1922 መጀመሪያ ላይ ረቂቁን በእርሳስ ተለተለው። በሦስተኛው ክፍል መግቢያ ላይ የነበሩትን ሰባ ያህል ቤት የሚመቱ ስንኞች አወጣ፤ አራተኛው ክፍል ከዘጠና ያህል ስንኝ ወርዶ ዐሥር ቀረው። ረቂቁ ከነምልክቶቹ እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ታተመ ግምት አያስፈልገንም። እኛን የሚገርመን ግን ቆራጭነቱ አይደለም። ኤልየት በዚህ ሁሉ ግርዛት ተስፋ ቆርጦ የቀሩትን ዐሥር ስንኞችም ላውጣቸው ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ፓውንድ «ኧረ በፍጹም! የግጥሙ ዋልታ ናቸው» የሚል መንፈስ ያለው መልስ ሰጠው። መቁረጥ ማ ያቅተዋል? እጅን መሰብሰብ ነው እንጂ ከባዱ።

ተቃራኒው የሬይመንድ ካርቨር ታሪክ ነው። አርታኢው ጎርደን ሊሽ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውን የአጭር ልብ ወለድ መድበል ግማሽ ያህሉን ቆርጦ ጣለ። ካርቨር ከመታተሙ በፊት «ይቅርብኝ፤ አቁምልኝ» ብሎ በደብዳቤ ተማጽኖ ነበር፤ አልሆነም፤ መጽሐፉ ወጣ፤ ስሙም በዚያው ገነነ። ከተቆረጡት አንዱ በልደቱ ቀን መኪና የገጨው ልጅ ታሪክ ነው። በሊሽ እጅ ስልክ ሲጮህ ያበቃል፤ ልጁ ይሙት ይዳን አይታወቅም። በካርቨር እጅ ልጁ ይሞታል፤ ወላጆቹ በሌሊት ተነሥተው በስልክ ሲነዘንዛቸው ወደ ነበረው ዳቦ ጋጋሪ ይሄዳሉ፤ ተጣልተው ሲያበቁ እሱ ትኩስ ዳቦ አቅርቦላቸው እየበሉ ይነጋል። ካርቨር ይህን እ.ኤ.አ. በ1983 መልሶ አሳተመው፤ ሙሉው ረቂቅ የወጣው ግን እሱ ካረፈ ከብዙ ዓመት በኋላ በ2009 ነው። ከመካከላችን «የሊሹ ይሻላል» ያሉ አሉ፤ ዝምታው ያስፈራል ይላሉ። እውነት ነው፣ ያስፈራል። ሆኖም ሐዘንተኛን ዳቦ ማጉረስ ምን ማለት እንደሆነ ለቅሶ ቤት ያደግን ሰዎች እናውቃለንና ድምፃችን ለካርቨር ነው። ሊሽ ያረመው ቋንቋውን ብቻ ቢሆን ባልከፋን፤ የደራሲውን ልብ ነው የለወጠው።

የነጥብና የፊደል አራሚም ቢሆን ቀላል ሰው አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ በሚጠብቁ ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አስቀምጠዋል፤ የበዓሉ ገና ከ«ገና አልመጣም» እንዲለይ ማለት ነው። ትጉ ነኝ ባይ አራሚ እነዚያን ነጥቦች የቀለም ፍንጣቂ ናቸው ብሎ ቢጠርጋቸውስ? ስለዚህ ደራሲው ሆን ብሎ ያደረገውን በአንድ ወረቀት ጽፎ ለአራሚው አስቀድሞ መስጠት አለበት፦ ይህቺ ሴት እንዲህ ነው የምትናገረው፣ አትንካት፤ በ«ሀ»ና በ«ሐ» ግን እንደ ፈለግህ። አራሚውም ሁለት ሦስት ገጽ አርሞ ያሳይ፤ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ዋጋ መነጋገር።

እኛም ንጹሕ አይደለንም። የአንዲት እኅታችንን ታሪክ የመጨረሻ አንቀጽ «ቦታ ጠበበ» ብለን ሳንነግራት ቆርጠናል። ስቴንስሉ ላይ ቦታ ነበረ። መጨረሻው ስላልጣመን ነው። ያ አንቀጽ በዚህ እትም ገጽ 11 ላይ ከነይቅርታችን ወጥቷል።

የጓደኛችንን ታሪክ በተመለከተ፣ የመጀመሪያውን ቅጂ ተቀብለናል። የአውቶቡሱን ጉዞ ራሱ ሁለት ሌሊት ተቀምጦ ከአራት ገጽ ወደ ግማሽ ገጽ አውርዶታል። እማማም እንደ ልባቸው ይራገማሉ።