«አልታየም» እና «የለም»፤ ስለ ዳሌ ደም መልሶች የአልትራሳውንድ ምርመራ የቀረበ ትችት

በምርመራ ወረቀት ላይ ከሚጻፉት አጫጭር ቃሎች መካከል «የረጋ ደም የለም» የሚለውን ያህል ጥንቃቄ የሚያሻው ጥቂት ነው። ይህን ትችት የምናቀርበው አልትራሳውንድን ለማንቋሸሽ ሳይሆን፥ መሣሪያው እስከ ምን ድረስ እንደሚያይና ከየት ላይ እንደሚቆም ለይተን ለማሳየት ነው።

በጭንና በጉልበት አካባቢ ለረጋ ደም ምርመራው የታመነ ነው። መርማሪው የመሣሪያውን ጫፍ በብሽሽትና ከጉልበት ጀርባ አሳርፎ ይጫናል። ደም መልስ፥ ማለት ደምን ወደ ልብ የሚመልሰው ሥር፥ ግድግዳው ስስ ስለ ሆነ ጤነኛው ሲጫኑት ይተኛል፤ ደም የረጋበት ግን አይተኛም። ጨረር ስለሌለውም ለነፍሰ ጡር አያሰጋም።

ከብሽሽት በላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የዳሌ ደም መልሶች በጥልቀት የተኙ ስለ ሆኑ፥ የአንጀት አየርና የሆድ ውፍረት ይጋርዷቸዋል፤ ቢታዩም እንኳ ተጭኖ ማስተኛት ብዙ ጊዜ አይቻልም። በዚያ ስፍራ ዶፕለር ይረዳል። የደሙ ፍሰት ከትንፋሽ ጋር ከፍና ዝቅ ማለቱን ትቶ አንድ ወጥ ከሆነ፥ ከላይ እንቅፋት እንዳለ ያስጠረጥራል። ይሁን እንጂ ሥሩ በከፊል ብቻ የተዘጋ እንደ ሆነ ፍሰቱ ደኅና መስሎ ሊታይ ይችላል።

ጉዳዩ የሚከብደው በእርጉዞችና በአራሶች ላይ ነው። በእርግዝና ጊዜ ደም ለመርጋት ይፋጠናል፤ ማሕፀንም የዳሌን ሥሮች ይጫናል። የግራው ደም መልስ በቀኙ ደም ቅዳ ሥር ስለሚያልፍ ይበልጥ ይጨነቃል፤ ይህንንም መጨነቅ ሜይና ቱርነር እ.ኤ.አ. በ1957 ገልጸውታል። ደም የረጋው በዳሌ ብቻ ሲሆን ብሽሽትና ጉልበት ንጹሕ ሆነው ይገኛሉ። የረጋው ተቆርሶ ሳንባ የገባ እንደ ሆነ ግን በድንገት ሊገድል ይችላል።

ቢሾፍቱን ምሳሌ እናድርግ። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ የአዲስ አበባና የአዳማ ፈጣን መንገድም በ2007 ዓ.ም. ተከፍቷል። ለአራስ ግን መንገድ በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካም፤ የሚጠባ ሕፃን አለ፤ አስታማሚ ያስፈልጋል፤ የመሳፈሪያም ገንዘብ አለ። ግራ እግሯ እስከ ጭኗ ያበጠባት እናት «የለም» የሚል ወረቀት ብትቀበል፥ ምን ብላ ትነሣለች? ወደ ቤቷ ትመለሳለች እንጂ።

እግሩ ያበጠ ሁሉ ለሲቲ ስካን ወይም ለኤምአርአይ ይላክ ማለታችንም አይደለም፤ ይህ ድኻውን ያለ ጥቅም ማስወጣት ይሆናል። ነገር ግን እግሩ በሙሉ ሲያብጥ፥ ወገብን ወይም መቀመጫን ሲያም፥ የብሽሽቱም ምርመራ ንጹሕ ሲሆን፥ ነገሩ ተፈጽሟል ሊባል አይገባም። ምርመራው በቀናት ውስጥ ሊደገም፥ ወይም ሕመምተኛዋ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ልትላክ ይገባል። እስከዚያም ሐኪሙ ካመነበት ሄፓሪንን ሊጀምርላት ይችላል፤ መድኃኒቱ ወደ ፅንሱ አያልፍም።

ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር እንዲጻፍ እናሳስባለን፤ የትኞቹ ሥሮች ታዩ፥ የትኞቹ አልታዩም፥ ቀጥሎስ ምን ይደረግ። ለዚህ አዲስ መሣሪያ መግዛት አያሻም፤ «አልታየም»ን «የለም» ብሎ አለመጻፍ ብቻ ይበቃል።